ሳይመርጥ የሚገዛው ገንዘብ፦ የአራምኮ አክሲዮን ያሳየው

አንድ ግዙፍ ኩባንያ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲያቀርብ የብዙዎች ዓይን የሚያርፈው በመሸጫ ዋጋው ላይ ነው። ከዋጋው ያላነሰ ክብደት ያለው ጥያቄ ግን የገበያ ጠቋሚዎች ኩባንያውን በምን ያህል ፍጥነት ይቀበሉታል የሚለው ነው።

ኢንዴክስ ፈንድ የሚባሉት የኢንቨስትመንት ፈንዶች አክሲዮን አይመርጡም። አንድን ጠቋሚ ተከትለው በዝርዝሩ የገባውን ሁሉ እንደየድርሻው ይገዛሉ። በመሆኑም የጠቋሚ አዘጋጆች ውሳኔ የጡረታ ቆጣቢዎችን ገንዘብ ጭምር ያንቀሳቅሳል።

የሳዑዲው የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከኩባንያው 1.5 በመቶ ድርሻ፣ አንዱ አክሲዮን በ32 ሪያል ሒሳብ ተሸጦ 25.6 ቢሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። ግብይቱ ዲሴምበር 11 ቀን በሪያዱ የታዳውል ገበያ ሲጀመር፣ ኤምኤስሲአይ የተባለው ጠቋሚ አዘጋጅ ከስድስት ቀናት በኋላ ኩባንያውን በታዳጊ ገበያዎች ጠቋሚው አካተተው። በዚያን ጊዜ ዋጋው ከመሸጫው በላይ ነበር። በማርች 2020 የሳዑዲና የሩሲያ የነዳጅ ምርት ድርድር ሲፈርስ ግን ከ32 ሪያል በታች ወረደ። ጠቋሚውን የሚከተሉት ፈንዶች ዋጋ ስለወረደ ብቻ አክሲዮኑን አውጥተው ሊሸጡ አይችሉም።

ይሁን እንጂ ጉዳቱን የሚገድብ ልጓም ነበር። ጠቋሚው የሚቆጥረው በገበያ ሊሸጥ የሚችለውን ድርሻ እንጂ 1.7 ትሪሊዮን ዶላር የተገመተውን የኩባንያውን ጠቅላላ ዋጋ አልነበረም። ታዳውልም በበኩሉ አንድ ኩባንያ በጠቋሚው ላይ የሚኖረውን ክብደት በ15 በመቶ ገድቧል።

መዘግየትም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ገበያ የወጣው ቴስላ፣ ትርፋማነትን በሚጠይቀው የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተካተተው በዲሴምበር 2020 ነው፤ ያውም አክሲዮኑ በዚያው ዓመት በብዙ እጥፍ ከናረ በኋላ። ውሳኔው አስቀድሞ በመነገሩም ነጋዴዎች ፈንዶቹን ቀድመው የመግዛት ዕድል አግኝተዋል።

ስለዚህ ፍጥነትም ሆነ ጥበቃ ለብቻው ቆጣቢውን አይታደገውም። ዋስትናው ለሽያጭ የቀረበውን ድርሻ ብቻ የሚቆጥር፣ ክብደትን የሚገድብና ግዙፍ ኩባንያ በመጣ ቁጥር የማይለወጥ ደንብ ነው። ሳይመርጥ የሚገዛ ገንዘብ ከደንቡ በቀር ጠባቂ የለውም።