የተሰረቀ ሲግናል፣ ዳኛ ያጣ ክስ

እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ ሩሲያ ላይ ሲካሄድ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ የማስተላለፍ መብቱ የኳታሩ ቢኢን ነበር። ያው ምስል ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በሌላ ጣቢያም ይታይ ነበር፤ የቢኢን ሎጎ «ቢአውትኪው» በሚል ሎጎ ተሸፍኖ።

ቢአውትኪው የሰፈር ጠላፊ ሥራ አልነበረም። የራሱን ዲኮደር ይሸጥ፣ ደንበኛ ይመዘግብ ነበር። ፊፋንና ዩኤፋን ጨምሮ ባለመብቶቹ ያስጠኑት ምርመራ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪያድ በሆነው አረብሳት ሳተላይቶች እንደሚሰራጭ አመለከተ፤ አረብሳት ግን አስተባብሏል። ጊዜው ሳዑዲ ዓረቢያና ሦስት አገሮች ኳታርን ያገለሉበት ነው። ባለመብቶቹ እዚያው ሳዑዲ ክስ ለመመሥረት ዘጠኝ የሕግ ቢሮዎችን ቢያነጋግሩም አንዱም ጉዳዩን አልያዘላቸውም።

ኳታር ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ሄደች። በሰኔ 2020 ይፋ የሆነው የፓነሉ ውሳኔ፣ ሳዑዲ ቢአውትኪውን በወንጀል ባለመጠየቋ ግዴታዋን ጥሳለች አለ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ያቀረበችውን የብሔራዊ ደኅንነት መከራከሪያም አልተቀበለም። ሳዑዲ ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚው አካል ግን ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ጉዳይ ለማየት የሚበቃ ዳኛ አልነበረውም። ሁለቱ መንግሥታት ታረቁና በ2022 ክርክሩ ተዘጋ።

የመብት ጥያቄ በመንግሥታት ኩርፊያና እርቅ ሊወሰን አይገባም። የ1974ቱ የብራስልስ ስምምነት አባል አገሮች የሳተላይት ሲግናል ስርቆትን እንዲከላከሉ ያስገድዳል፤ ነገር ግን በቀጥታ ለሕዝብ የሚላከውን ሲግናል አይመለከትም። ዛሬ የየቤቱ ዲሽ የሚቀበለው ግን በአብዛኛው ይህንኑ ነው! ክፍተቱን የሚሞላ ውል በዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት ከ1998 ጀምሮ ይመከርበታል፤ እስካሁን አልጸደቀም። ውሉ ለጣቢያዎች ከልክ ያለፈ ሥልጣን ይሰጣል የሚሉ ወገኖች ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ውሉ በሲግናል ስርቆት ላይ ብቻ ይወሰን።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሳተላይት አከራዩ ነው። ፍሪኩዌንሲውን ለማን እንዳከራየ ያውቃል፤ በቂ ማስረጃ ሲቀርብለትም ሥርጭቱን ማቋረጥ ይችላል።

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ፈቃድ መልሶ ማሰራጨትን ይከለክላል፤ የጣቢያዎችን መብትም ለ20 ዓመት ይጠብቃል። ሌባው ጎረቤት አገር ተቀምጦ የአዲስ አበባን ጣቢያ ቢሰርቅ ግን አዋጁ አይደርስበትም። በኪራይ ሳተላይት የሚሰራጩት የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ውላቸውን ሲያድሱ፣ የተሰረቀ ሲግናል በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚዘጋ በግልጽ ማስጻፍ አለባቸው።