የኮኮናት «ወተት» ለሕፃን ወተት አይሆንም!

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል። ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በየስልካችሁ የሚዞሩትን ቪዲዮዎች አይታችኋል። ኮኮናት ይሰበራል፣ ነጩ ይፈቀፈቃል፣ ሞቅ ያለ ውሃ ተጨምሮበት በብሌንደር ይፈጫል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል። ወዲያው ወተት የመሰለ ነገር ብርጭቆውን ይሞላዋል። እስከዚህ ድረስ ምንም ጠብ የለኝም። ጠቤ ከዚያ በኋላ ከምትመጣው ዓረፍተ ነገር ጋር ነው፦ «ከላም ወተት ይሻላል፣ ከእናት ጡት ጋር ይመሳሰላል፣ ለሕፃናትም ስጡ።»

ይህ ውሸት ነው። ያውም ልጅ የሚጎዳ ውሸት።

እንዳልተሳሳት ልለየው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በጾም ወጥ ቢሠራበት፣ ሻይና ቡናው ላይ ቢጨምረው አልቃወምም። ካዛንቺስ ካፌ ቁጭ ብላችሁ የጾም ማኪያቶ ብታዙም ጉዳዬ አይደለም። እኔ የምቃወመው ጡጦ ውስጥ ሲገባ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲንና 120 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ውሃ ያልበዛበት ወፍራም የኮኮናት ጭማቂ ፕሮቲኑ 2 ግራም ገደማ ነው፤ ካልሲየሙ ደግሞ 20 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። የተትረፈረፈው ስብ ነው፦ ከ20 ግራም በላይ። ቤት ውስጥ ሲሠራ ደግሞ አንድ ኮኮናት ውድ ስለሆነ እንዲበረክት ውሃው ይጨመርበታል። ውሃ በጨመራችሁ ቁጥር ያቺው ትንሽ ፕሮቲን ይበልጥ ትቀጥናለች። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው የለውም።

«የእናት ጡት ወተትም ፕሮቲኑ 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን ያ ፕሮቲን ለሰው ልጅ ተለክቶ የተሠራ ነው። አብሮት 7 ግራም ያህል የወተት ስኳር፣ ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች፣ ለአንጎል የሚያስፈልጉ ቅባቶች አሉት። ኮኮናት ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

ከዚያ «ሎሪክ አሲድ» የሚሉት ክርክር ይመጣል። አዎ፣ በእናት ጡት ውስጥም በኮኮናት ውስጥም ይገኛል። ታዲያ በአንድ ነገር መገናኘት አንድ ያደርጋል ወይ? ኖራ የተቀባ ውሃም ነጭ ነው፤ ማንም ግን ለልጁ አይሰጠውም።

ሌላው የሚያታልለው ውፍረቱ ነው። የኮኮናት ስብ ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል። በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉትም ላዩ ይጋገራል። እናት ይህን አይታ «እንዴት ያለ ወፍራም ወተት ነው!» ትላለች። ወፍራሙ ግን ስብ ብቻ ነው። ልጁ ይጠግባል፣ ጡት ይገፋል፣ ምግብ ይተዋል፤ ሰውነቱ ግን አይገነባም።

ሱፍን አስታውሱ

ይህ ነገር ለኛ አገር አዲስ አይደለም። ሱፍ ቀቅለን፣ ወቅጠን፣ በውሃ አሽተን እናጠልላለን። የሚወጣው ልክ እንደ ወተት ነጭ ነው። በጾም እንጀራ ፈትፍተንበት እንበላለን፣ ደስ ይላል። ግን እናቶቻችን ያንን ጡጦ ሞልተው «ይኸው የልጅ ወተት» ብለው ያውቃሉ? ሱፍን የሱፍ ፍትፍት አሉት፣ ለትልቅ ሰውም አቀረቡት። ከባሕር ማዶ የመጣው ፍሬ ሲሆን ለምን ማስተዋላችንን እንጥላለን?

በሌላ አገር የደረሰውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 በቤልጂየም ሁለት ወላጆች ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ተባሉ። ልጃቸውን ከአጃ፣ ከሩዝና ከኪኗ በተሠራ «ወተት» ያሳድጉት ነበር። ሕፃኑ በ7 ወሩ ሲሞት 4.3 ኪሎ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ በአማካይ 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እነዚያ ወላጆች ድሆች አልነበሩም፤ የጤና ምግብ ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸውን የጠሉም አይደሉም። ዕፀዋት ተጨምቀው የወጡትን «ወተት» የሚለውን ስም አመኑ። የእነሱ ኮኮናት አልነበረም፤ ስህተቱ ግን ያው ነው።

የምሰማቸው ሦስት መከራከሪያዎች

1. «የላም ወተት መርዝ አለው ተብሏል።» እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን መገኘቱ ሲሰማ ብዙ ሰው ወተት መግዛት አቁሞ ነበር። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ምንጩም ላሞቹ የሚመገቡት ሻጋታ የነካው መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ ነበር። መፍትሔው ግን መኖውን ማስተካከልና መቆጣጠር ነው። ልጅን ያለ ፕሮቲን ማስቀረት መፍትሔ አይደለም።

2. «ልጄን የላም ወተት አይስማማውም።» ብዙ አዋቂ ኢትዮጵያውያን ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው ይነፋል፤ ይህ እውነት ነው። ሕፃናት ግን የወተቱን ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም ይዘው ነው የሚወለዱት። እውነተኛ የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው ልጆች አሉ። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፤ የሚተካውም ለዚሁ በተዘጋጀ የሕፃን ወተት ነው።

3. «ጾም ነው፣ ዕቃ እንዳይነካካብን።» በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲጾሙ አይገደዱም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ለአንድ ዓመት ልጅ 55 ቀን ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ረጅም ጊዜ ነው። ለልጁ የተለየ ድስት፣ ማንኪያና ሳህን መድቡለት፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። የሚያሳስባችሁ ከሆነም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

እናቶችን ብቻ አትውቀሱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንዲት እናት ኮኮናት ፍለጋ የምትወጣው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ቂርቆስና ካዛንቺስ በቢሮ፣ በሆቴልና በሱቅ የሚሠሩ እናቶች የሞሉበት ሰፈር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ዕረፍት 90 ቀን ነው። እኛ ሐኪሞች ደግሞ «6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ» እንላለን። በመካከል ያለውን ወራት ማን ይሙላው? የጣሳ ወተት ዋጋውን ታውቁታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦችን ደግሞ አስቡ። ትናንት በምሳ ሰዓት ሮጣ ጡት አጥብታ የምትመለስ እናት ዛሬ መንገዱ ብቻ ምሳ ሰዓቷን ይበላዋል።

ስለዚህ አሠሪዎች፣ እናንተም ስሙ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። በግል ድርጅት ያላችሁም አንድ የሚዘጋ ክፍል፣ አንድ ወንበርና አንድ ትንሽ ፍሪጅ አያከስራችሁም። የጣሳ ወተት አምራቾች ከእናት ጡት ጋር እንዳይፎካከሩ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1981 የማስታወቂያ ደንብ አውጥቶባቸዋል። ብሌንደር ይዞ በቪዲዮ «ከእናት ጡት ጋር ይመሳሰላል» የሚለውን ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል?

እናንተ እናቶች ደግሞ፣ ኮኮናት ከምትጨምቁ የራሳችሁን ጡት እለቡ! እጃችሁን ታጥባችሁ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ የታለበ የጡት ወተት በአዲስ አበባ አየር ከፍሪጅ ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ስትሰጡት ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ለብ አድርጉት፤ አታፍሉት። ነፃ ነው፤ ከየትኛውም ፍሬ ይበልጣል።

በዕድሜ ሲከፈል

ከተወለደ እስከ 6 ወር፦ የእናት ጡት ብቻ። ውሃም አያስፈልገውም። ጡት ማጥባት ጨርሶ ካልተቻለ፣ ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ የሕፃን ፎርሙላ ብቻ።

ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፦ ጡቱ ይቀጥል፤ ገንፎው ውስጥ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አትክልት ይግባ። ጡት የማይጠባ ከሆነ ፎርሙላ ወይም በደንብ የፈላ ወተት።

ከ1 ዓመት በኋላ፦ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት፣ የቤተሰቡ ምግብ፣ ስቡ ያልወጣለት የፈላ ወተት ወይም እርጎ። በዚህ ዕድሜ ኮኮናት ምግብ ውስጥ ለማጣፈጫ ቢገባ አይጎዳም። የወተትን ቦታ ግን አይውሰድ።

ለታካሚዎቼም አንድ ቃል። ኮሌስትሮል ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ አንድ ብርጭቆ ወፍራም የኮኮናት ጭማቂ ከ40 ግራም በላይ የሚረጋ ስብ አለው፤ ለአንድ አዋቂ ለቀኑ ከሚመከረው ጣሪያ እጥፍ ገደማ ነው። የኩላሊት ሕመምተኞች ፖታሲየሙ ስለሚያሰጋችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጠጡት። ጤነኞችም ብትሆኑ ቤት የሠራችሁትን ፍሪጅ ውስጥ አድርጋችሁ በ2 ቀን ውስጥ ጨርሱ። መብራት ጠፍቶ ካደረ ወይም ሽታው ከተለወጠ ድፉት።

እስካሁን ለሕፃን ልጃችሁ እንደ ወተት እየሰጣችሁ ከሆነ አትደንግጡ፤ ግን ዛሬውኑ አቁሙና በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመዝኑት። ክብደቱ ካልጨመረ፣ እግሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ፀጉሩ ከሳሳ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከፈዘዘና መጫወት ከተወ ነገ አትበሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 የኢትዮጵያ ልጆች 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። አብዛኞቹ ስላጡ ነው። የእናንተ ልጅ ግን ቤቱ ምግብ እያለ፣ «ወተት» በሚል ስም ተታሎ እንዳይጨመርበት።

ለምታውቋት አራስና ለምትወልድ እህታችሁ ሁሉ አድርሱት።