ከመኪናው አትውረዱ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የለጠፈውን ፎቶ አየሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይህን እንድጽፍም ፈቅዶልኛል። ፎቶው ላይ ጢማሙ አሞራ አለ፤ አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው ያ ትልቁ ጥንብ አንሳ። ጎጆው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ክንፉን ዘርግቶ ሊነሳ ሲል። ከሥሩ የአድናቆት መዓት ተደርድሯል። እኔም መጀመሪያ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደግሜ ሳየው ግን ሆዴ ተረበሸ። አሞራው የሚያየው ወደ ካሜራው ነው። የሚነሳውም ሰው ስለቀረበው ነው።

በውስጥ መስመር "ከየት ሆነህ ነው ያነሳኸው?" አልኩት።

"ቲቸር፣ ከመኪና ወርጄ በገደሉ ጠርዝ በደረቴ ተሳብኩ። ሃያ ሜትር አይሞላም ነበር!" አለኝ።

ልቆጣው ፈለግኩና ተውኩት። ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ሚኒባስ ተከራይተን ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርገን ደባርቅ ገባን። በማግስቱ ሰንቀበርን አልፈን ወደ ጨነቅ ስንወጣ ሹፌራችን ድንገት ቀስ አለና ቆመ። ጢማሙ አሞራ ከመንገዱ በታች ካለ ድንጋይ ላይ አርፏል። በመስኮት እያየነው ሩብ ሰዓት ያህል ላባውን ሲያስተካክል፣ አንገቱን ሲያዞር ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ፊት ለፊታችን ወዳለው ገደል ገባ። ጎጆው እዚያ ነበር።

እኔ ደግሞ የባሰ ፎቶ ፈለግኩ። በሩን ከፍቼ ወረድኩና ወደ ጠርዙ ሄድኩ። ገና ሁለት ጊዜ እንዳነሳሁ አሞራው ከጎጆው ወጣ። በገደሉ ላይ አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ጠፋ። ጥቂት ቆይተው ሁለት ቁራዎች መጡ፤ እነዚያ ምንቃረ ወፍራሞቹ ያገራችን ቁራዎች። በገደሉ አፍ ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ አሞራው አልተመለሰም። በጎጆው ውስጥ እንቁላል ይኑር ጫጩት፣ በኋላ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ መኪናው ስንመለስ ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ "መምህር፣ እዚህ ውስጥ ሆነው ሳለ መቼ ሸሸዎት?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ብላችሁ ውሰዱት።

የእኛና የዚህ አሞራ ነገር የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞን ወጥቶ ከላይ አረፈ። ሰዎቹ የፍየል ሥጋ ቀቅለው ሊበሉ ሲሉ ይኸው አሞራ መጥቶ መሀላቸው አረፈ፤ ከገበታው ላይ ሥጋ አንስቶም ሄደ። እንደገና ሲመለስ ብሩስ በጠመንጃ መታው። ክንፉን ለካው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ተኩል ገደማ ሆነ። ሲያገላብጠው እጁን ቢጫ ዱቄት እንደሸፈነው፣ ስሙም "ንስር ወርቅ" እንደሚባል እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። ዛሬ የምናውቀው ይህ አሞራ ብረት ባለው ቀይ አፈርና ጭቃ ደረቱን እያሸ ላባውን እንደሚያቀልም ነው።

በብሩስ ዘመን አንድን ወፍ በቅርብ ለማየት መግደል የተለመደ ነበር። ዛሬ ካሜራ አለን፤ መግደል አያስፈልገንም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ካሜራ ይዞ ጎጆ ድረስ መሄድም ሳይተኩሱ መግደል ሊሆን ይችላል። ጢማሙ አሞራ በዓመት አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ነው የሚጥለው። ሁለት ቢፈለፈሉ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው። እንቁላሉን ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ይታቀፋል፤ ጫጩቱ ደግሞ አራት ወር ገደማ ጎጆ ውስጥ ይቆያል። በሰሜን ተራሮች ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ። እናት ወይ አባት ተነስቶ አንድ ሰዓት ከጠፋ፣ ከሥር የቀረው እንቁላል ምን እንደሚሆን መምህር መሆን አይጠይቅም።

እነዚህ አሞራዎች እንደ ድሮው የተትረፈረፉም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል። ከመሀላቸው በከተሞቻችን ቄራ አካባቢ የምናየው ያ ትንሹ ጥንብ አንሳ አለ። በእኛ ሰማይ ላይ የሚዞረው ትልቁ የሩፔል ጥንብ አንሳም አለ፤ ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜንንና ጎንደርን ከጎበኘው ጀርመናዊ ነው። ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ለውሻና ለጅብ የተቀመጠ መርዝ በድኑን ለሚያነሳው አሞራም ይተርፋል። እኛ ፎቶ አንሺዎች የመርዙን ነገር ብቻችንን አናስቆመውም። በገዛ እግራችን የምናደርሰውን ጉዳት ግን ዛሬውኑ ማቆም እንችላለን። የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመኪናው አለመውረድ።

ለምን መኪና? ወፍ የሚፈራው የሰውን ቅርጽ ነው። ሁለት እግር፣ የሚወዛወዝ እጅ፣ ወደ እሱ የሚያፈጥ ፊት። መኪና ግን በየቀኑ የሚያልፍ፣ አንድም ቀን ድንጋይ ያልወረወረበት ትልቅ ነገር ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ባሉት የመብራት እንጨቶች ላይ ደረተ ነጭ፣ ጅራተ ቀይ ጭልፊት ተቀምጦ አይታችሁ ይሆናል። ሲኖትራክ እየጮኸ ከሥሩ ሲያልፍ ንቅንቅ አይልም። በሩን ከፍታችሁ አንድ እግር ስታወርዱ ግን የለም።

እኔ ከስህተቴ በኋላ የለመድኩትን ልንገራችሁ።

አስቀድማችሁ ከሹፌሩ ጋር ተስማሙ። ወፏን ስታዩ "ቁም!" ብላችሁ አትጩሁ። ራቅ ብሎ ቀስ ይበል፤ መንገዱን ለቆ፣ ከመታጠፊያ ርቆ ይቁም። ሊማሊሞ ላይ ለወፍ ብሎ መንገድ መሀል የሚቆም ሰው ሌላ ሰው ያስገድላል።

ሞተር አጥፉ። የሞተሩ ንዝረት ፎቶውን ያበላሻል። ሌንሱን የሚያሳርፉበት ውድ ዕቃ አትግዙ፤ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ሽምብራ ሞልታችሁ ስፉና በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጉት። ከባድ ሌንስ እንኳ ተመቻችቶ ይተኛበታል። ሲርባችሁ ደግሞ ቆሎ ይሆናል!

መስኮቱን ቀደም ብላችሁ ክፈቱ። የመኪናው ውስጥ ሞቆ ውጪው ቀዝቃዛ ከሆነ አየሩ ይርገበገብና ፎቶው ይደበዝዛል። ብዙ ሰው ካሜራውን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የማሞቂያው ነው። ብርድ ለብርድ ጋቢ ለምን ተሠራ?

እጃችሁን በመስኮት አታውጡ። አሞራው ቀና ብሎ ካያችሁ፣ ላባውን ከሰበሰበ፣ ካጎነበሰ፣ ሊሄድ ነውና ባላችሁበት ቁሙ። በዚህ ጊዜ "ትንሽ ጠጋ በል" ማለት ዋጋ የለውም።

ለሚበር አሞራ ደግሞ ትዕግሥት ነው። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ትልልቆቹ አሞራዎች በዚያ ላይ ተንሳፍፈው ከሥር ይወጣሉ። ጨነቅ አካባቢ መኪናችሁ ገደሉ አጠገብ ከቆመ አሞራው በዓይናችሁ ትክክል ሲያልፍ ታዩታላችሁ። እሱ ራሱ ይመጣል፤ ተሳቦ መሄድ ምን ያደርጋል?

በመጨረሻም፣ አሞራ እንዲመጣ ብላችሁ ሥጋና አጥንት አትበትኑ። እንዲነሳ ብላችሁ ድንጋይ አትወርውሩ። የጎጆ ቦታ አትለጥፉ። አንድ ሰው የለጠፈውን ቦታ በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር ሰው ይሄድበታል።

አሁን የሚመጣውን አስተያየት አውቀዋለሁ። "ቲቸር፣ መኪና ያለው ማን ነው? ይህ የሀብታም ወግ ነው" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔም የራሴ የለኝም። ከጓደኛ ጋር ተዋጥቶ መከራየት አለ። እሱም ካልሆነ ቁም ነገሩ ቆርቆሮው አይደለም፤ ርቀቱና ቅርጹ ነው። ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ ኮሶዬ ላይ ከድንጋይ ጋር ተጠግታችሁ፣ ቡናማ ፎጣ ለብሳችሁ፣ ሳትንቀሳቀሱ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ድንጋዩ መኪናችሁ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ "እረኛው በየቀኑ በእግሩ ያልፍ የለ?" ይላል። ያልፋል። ግን እረኛው በመንገዱ ያልፋል እንጂ ጎጆው ፊት ቆሞ አያፈጥም። አሞራው ልዩነቱን ያውቃል።

እርግጥ ነው፣ ከመኪና የሚነሳ ፎቶ ሁሌ አያምርም። ዘንጉ ይጋርዳል፣ ማዕዘኑ አይመችም፣ ጎረቤትህ ያስነጥሳል። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ያነሳሁት ፎቶ ዳር ላይ የመስኮቱ ጎማ ገብቶበታል። ግን አሞራው ላባውን እያስተካከለ ነው፤ እኛ መኖራችንን ረስቶናል። ከወረድኩ በኋላ ያነሳኋቸው ሁለቱ ጥርት ያሉ ናቸው። አንድም ቀን ለሰው አሳይቻቸው አላውቅም።

ልጁ ትናንት ማታ ደወለልኝ። ቦታውን የሚናገረውን ጽሑፍ ከፎቶው ሥር አጥፍቶታል። ፎቶውን ራሱ ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "አንተ ታውቃለህ" አልኩት። መንገዱ ሰላም ሲሆን አብረን ልንወጣ ተቀጣጥረናል፤ ሽምብራው ከእኔ፣ መኪናው በመዋጮ።

መምጣት የምትፈልጉ አሳውቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ በሩን የሚከፍት አይመጣም።

ሰላሙን ያውርድልን፤ ቸር ያገናኘን።