መራጩ ማነው?

በአንድ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀምጠን ሳለ ከመካከላችን አንዷ በመስኮት አሻግራ አየችና «ፍልስጤም ደግሞ መቼ ነው የኅብረቱ አባል የሆነችው?» አለች። ሳቅንባት። ባንዲራው የማን እንደሆነ ግን ከሳቅነው አንዳችንም አናውቅም ነበር። ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ በጎን ቀይ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ቀይ ጨረቃና ኮከብ። ቤት ገብተን ስናጣራ የምዕራብ ሰሐራ ሆኖ አገኘነው፤ በሙሉ ስሟ የሰሐራዊ ዐረብ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ። ኢትዮጵያ እውቅና የሰጠቻት በ1979 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።) የጋዜጠኝነት ዲግሪ ይዘን ይህን አለማወቃችን ደስ አይልም፤ ግን እንዲያ ነው የሆነው።

እኛ ሀገር «የራስን ዕድል በራስ መወሰን» ሲባል ክርክሩ አንድ ቦታ ይጀምርና እዚያው ያልቃል፦ ይገባቸዋል፣ አይገባቸውም። አንቀጽ 39 የተነሳ እንደሆነ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ወዳጅነቱ ይቀዘቅዛል። የሰሐራውን ታሪክ ስናነብ የገረመን ነገር ቢኖር ሕጉ ይህን ጥያቄ ከመለሰ ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለፉ ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 16 ቀን 1975 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ አንዳንድ የሰሐራ ጎሳዎች ለሞሮኮ ሱልጣን ይታዘዙ እንደነበር ተቀበለ። ይሁንና በግዛቱ ላይ ሉዓላዊነት የሚያስገኝ፣ ሕዝቡም ዕድሉን በራሱ እንዳይወስን የሚከለክል ትስስር አላገኘም።

ታዲያ ምን ሆነ? በሦስተኛው ሳምንት ንጉሥ ሐሰን ሁለተኛ 350 ሺህ ያህል ሲቪል ሰው ድንበር አሻገሩ፤ «አረንጓዴው ሰልፍ» የሚባለው ነው። ቅኝ ገዢዋ ስፔን በዚያው ወር ማድሪድ ላይ ተፈራርማ አስተዳደሩን ለሞሮኮና ለሞሪታንያ ትታ ወጣች። ከፖሊሳሪዮ ግንባር ጋር ጦርነት ሆነ። ሞሪታንያ በ1979 ስትወጣ ሞሮኮ ቀረች፣ በረሃውንም 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የአፈር ግንብ ለሁለት ከፈለችው። በ1984 እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገ ጉባኤ የሰሐራ ልዑካን ወንበር ሲይዙ ሞሮኮ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ጥላ ወጣች፤ የተመለሰችው በ2017 ነው፣ እሱም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ።

ዋናው ጉዳያችን ግን ከ1991 በኋላ ያለው ነው። ተኩስ ቆመ፣ የመንግሥታቱ ድርጅት ሚኑርሶ የሚባል ተልዕኮ ላከ፣ ሕዝበ ውሳኔውም ለጃንዋሪ 1992 ተቀጠረ። ያ ቀጠሮ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ያደናቀፈው የመራጮች መዝገብ ነው። ስፔን በ1974 ባደረገችው ቆጠራ የተመዘገበው ሰው 74 ሺህ ገደማ ነበር። ፖሊሳሪዮ በዚህ ይቆጠር አለ፤ ሞሮኮ ደግሞ ቀድሞ የተሰደዱትም ልጆቻቸውም ይግቡ አለች። ከሁለቱም ወገን የጎሳ ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ይህ የእገሌ ልጅ ነው»፣ «አይደለም፣ አናውቀውም» እየተባባሉ በምስክር መለየት ተጀመረ። ዓመታት ፈጅቶ ብቁ የተባለው 86 ሺህ ገደማ ሰው ሆነ። በላዩ ላይ ከ130 ሺህ በላይ ይግባኝ ተከመረበትና ነገሩ እዚያው ቀረ። ልብ አድርጉ፣ የይግባኙ ቁጥር ከመራጩ ይበልጣል!

መዝገብ ተራ ወረቀት የሚመስለው ሰው ካለ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ይጠይቅ። በኤፕሪል 1993 የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራውያንም ተመዝግበው ድምፅ ሰጥተዋል። እኛ ያኔ አልተወለድንም። በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ ያው ምዝገባ «የኤርትራ ዜጋ ነህ» ማስረጃ ሆኖ መጣ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአውቶቡስ ተጭነው ሄዱ። የይገባኛል ጥያቄዎች ኮሚሽኑ በ2004 እነዚህ ሰዎች ሁለት ዜግነት እንደነበራቸው ተናግሯል፤ በዚያን ጊዜ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ከተለያየ ስንት ዓመቱ!

ወደ ሰሐራ እንመለስ። የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር በ2003 አንድ መውጫ አቀረቡ፤ ለጥቂት ዓመታት ራስ ገዝ አስተዳደር፣ ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ፣ ድምፅ ሰጪውም ከሞሮኮ መጥቶ የሰፈረውን ይጨምራል። ፖሊሳሪዮ እያመነታ ተቀበለ። ሞሮኮ እምቢ አለች። እዚህ ላይ ነው የመዝገቡ ክርክር ሰበብ መስሎ የታየን፤ የራሱ ሰዎች የሚመርጡበትን ምርጫ የሚፈራ መንግሥት ችግሩ ከመዝገቡ አይመስለንም።

ከዚያማ ታሪኩ ቁልቁል ነው። ሞሮኮ በ2007 የራስ ገዝ ዕቅዷን አቀረበች። በኖቬምበር 2020 ተኩስ አቁሙ ፈረሰ፤ በወሩ ትራምፕ ግዛቱ የሞሮኮ ነው አሉ። በኦክቶበር 2025 የጸጥታው ምክር ቤት የሞሮኮን ዕቅድ የድርድር መነሻ አደረገው። ዓመት ቀደም ብሎ ግን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከሞሮኮ ጋር የተደረጉትን የዓሣና የእርሻ ምርት ስምምነቶች ውድቅ ሲያደርግ፣ ነዋሪውን ማማከርና የሕዝቡን ፈቃድ ማግኘት የተለያዩ ናቸው ብሏል። ፍርድ ቤት አንድ መንገድ፣ ምክር ቤት ሌላ መንገድ።

እኛ ራስ ገዝነትን እንደ ክህደት አናየውም። የ1960ው የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔም ቢሆን ነጻነትን ብቻ አላዘዘም፤ ሕዝቡ በፈቃዱ ከመረጠ ከሌላ ሀገር ጋር መቀላቀልም ይቻላል። ቅሬታችን የሚጠየቀው ሰው አለመጠየቁ ነው። ኢንዶኔዥያ በ1999 ለምሥራቅ ቲሞር ያቀረበችው ይህንኑ ራስ ገዝነት ነበር፤ ሕዝቡ ተጠየቀ፣ 78.5 በመቶው አንፈልግም አለ። ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ይህን አንደብቅም። በሜይ 2002 ግን ሀገር ሆኑ።

«ላዩን ተወልዶ ያደገው የካዛብላንካ ሰው ልጅስ?» ብላ ያቺው የታክሲዋ ወዳጃችን ይህን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ጠይቃናለች። ጥያቄዋ እውነተኛ ነው። በ1974 የተቆጠረ ሕፃን ዛሬ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቲንዱፍ መጠለያ ውስጥ የልጅ ልጅ ያየም ይኖራል። የላዩኑም ልጅ ቢሆን ሌላ ቤት አያውቅም። እኛ ሁለቱም ኮሮጆው ፊት ይሰለፉ እንላለን፣ ነጻነትም ወረቀቱ ላይ ይኑር። የ2003ቱ ዕቅድ ያለው ይህንኑ ነበር።