የሞተር ብስክሌት ቸርኬ፦ በመልኩ ወይስ በመንገዱ እንምረጥ?

ሞተር ብስክሌት ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች «ባለ ሽቦ ቸርኬ ጊዜው አልፎበታል፤ ወጥ ሆኖ የተቀረጸው ይሻላል» ሲሉ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ለመሆኑ ይህ አስተያየት በሳይንስ ሲመዘን ሚዛን ይደፋልን? በእኛ እምነት አይደፋም።

ባለ ሽቦ ቸርኬ ሸክም የሚችለው በውጥረት ነው። ቀጭን ሽቦ ሲጎተት ብርቱ ነው፤ ሲገፋ ግን ይጎብጣል። ስለዚህ ሽቦዎቹ ሁሉ አስቀድመው ተወጥረው ይታሰራሉ። ክብደት ሲያርፍ በመሬት በኩል ያሉት ሽቦዎች ውጥረታቸው ይቀንሳል እንጂ ፈጽመው አይረግቡም። ሽቦው ከላላ ግን ቸርኬው በዞረ ቁጥር እየረገበና እየተወጠረ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም በመታጠፊያው ወይም በጥርሱ ላይ በብረት ድካም ይሰበራል። የእርሱ ሸክም ደግሞ በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል።

ከአሉሚኒየም ቅይጥ ቀልጦ የሚቀረጸው ወጥ ቸርኬ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አይጠይቅም። የሽቦ ቀዳዳ ስለሌለው ያለ ውስጥ ጎማ አየር ሊይዝ ይችላል፤ ሚስማር ቢወጋውም አየሩ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በዝግታ ነው። በአስፋልት ላይ ለሚውል አሽከርካሪ ይህ ትልቅ ጥቅም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በድንጋያማ መንገድ ላይ ከባድ ምት ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም በጭቃ ተሸፍኖ ሳይታይ ያድጋል። መበየድም መፍትሔ አይሆንም፤ የብየዳው ሙቀት ቅይጡ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያሳጣዋልና። የተሰነጠቀ ወጥ ቸርኬ መለወጥ አለበት።

እንግዲህ በኮረኮንች መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚመላለስ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ ባለ ሽቦው ይሻላል እንላለን። ከተጣመመ ይቃናል፤ ሽቦው ከተሰበረ በሌላ ይተካል። ይህ የሚሆነው ግን የሚፈትሸው ሰው ሲኖር ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ቸርኬውን ከመሬት አንሥቶ እያንዳንዱን ሽቦ በትንሽ መፍቻ መታ መታ ማድረግ ነው። የተወጠረው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ድምፁ የታፈነ ነው። ክራር ቃኚ የሚያውቀው ሕግ እዚህም ይሠራል፦ የአንድ ሽቦ ውጥረት ወደ ሩብ ሲወርድ የድምፁ ድግግሞሽ በግማሽ ይቀንሳል። የላላውን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያስበልጡ ማጥበቅ፣ ከዚያም ቸርኬውን አዙሮ መመልከት ይገባል። ብዙ የአምራቾች መመሪያዎች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ መወላገድን አይፈቅዱም። አንዱን ሽቦ ብቻ ያለ ልክ ማጥበቅ ቸርኬውን ራሱን ያጣምመዋል።

ስለዚህ ለሠራተኞቹ ሞተር ብስክሌት የሚያድል መሥሪያ ቤት ሁሉ ከቁልፉ ጋር የሽቦ ማጥበቂያ መፍቻና አጭር ትምህርት አብሮ ይስጥ። ተማሪዎችም በፊዚክስ ክፍል ያጠናነው የክር ንዝረት ቀመር ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ እንገንዘብ። በአንድ ቁልቁለት ላይ የአንድን ሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።