የግሽበት ቁጥር እንዲታመን ዝርዝሩ ይታይ



የዋጋ ግሽበት ቀነሰ የሚል ዜና በተነገረ ቁጥር በወፍጮ ቤቱም በታክሲውም የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «የት ገበያ ላይ ነው የቀነሰው?» ቅሬታው እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው ብሎ መደምደም ግን ልንጠይቅ የሚገባንን ጥያቄ ያስረሳናል።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት እንዳስታወቀው ዓመታዊው ግሽበት በሰኔ 2016 ዓ.ም. 19.9 በመቶ፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ 13.9 በመቶ ነበር። የቀነሰው ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም። በሰኔ 2015 በ100 ብር የተገዛ ዕቃ በዚህ አማካይ ስሌት በዓመቱ 120 ብር ገደማ ገባ፤ ቀጣዩ ጭማሪ ያረፈው በ120ው ላይ ስለሆነ በሰኔ 2017 ወደ 137 ብር ተጠጋ። በእነዚህ ዓመታት ደመወዙ ንቅንቅ ያላለ ሰው ኑሮ ከበደኝ ቢል፣ ይፋዊው ቁጥር ራሱ ይመሰክርለታል።

ሌላው ጉዳይ ቁጥሩ አማካይ መሆኑ ነው። ለዓመታት ግሽበት ሲለካበት የኖረው የሸቀጦች ቅርጫት የተሰላው በ2008 ዓ.ም. በተካሄደ የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ ድርሻ የያዘው ምግብ ነበር። ተከራይቶ የሚኖር የአዲስ አበባ ሰው ግን ደመወዝ እንደወጣ ቀድሞ የሚቆርጠው ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ጤፉንም ዘይቱንም የሚገዛው በተረፈው ነው። እህሉን ከማሳው የሚያገኝ ገበሬ ደግሞ ሌላ ወጪ አለበት። አንድ አገራዊ ቁጥር የሁለቱን ኑሮ እኩል ሊገልጽ አይችልም።

ቁጥር በእርግጥ ሲጣመም ምን እንደሚመስል አርጀንቲና አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥት የዋጋ መረጃውን የሚመሩ ባለሙያዎችን አነሣ፤ በኋላም ከፍ ያለ ግምት ያወጡ የግል ኢኮኖሚስቶች በገንዘብ ተቀጡ። መጣመሙ የተጋለጠው አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችና ገለልተኛ ተመራማሪዎች ዋጋን ለብቻቸው ይለኩ ስለነበር ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 አገሪቱን በይፋ ወቀሰ። ይህን የማነሣው የእኛን መሥሪያ ቤት ለመክሰስ ሳይሆን፣ ቁጥርን የሚያስከብረው ሌላ ሰው ለክቶ ሊያመሳክረው መቻሉ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የየከተማውን የዕቃ ዋጋ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ድርሻና የኪራይ አለካኩን አስቀድሞ በተነገረ ቀን፣ ማንም ሊያሰላው በሚችል ሰንጠረዥ ያውጣ። ቅርጫቱም በተወሰነ የጊዜ ገደብ ይታደስ። ዩኒቨርሲቲዎችና የሸማቾች ማኅበራት የራሳቸውን ልኬት ይጀምሩ። መገናኛ ብዙኃንም «ግሽበት ቀነሰ» ሲሉ ዋጋ ራሱ መጨመሩን እንዳላቆመ በዚያው ዜና ይንገሩን። የደመወዝ ጥያቄም ሆነ የጡረታ አበል የሚመዘነው በዚህ ቁጥር ነውና፣ ዝርዝሩን የማየት መብት የሁላችንም ነው።


አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ