መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ

«ፎርማት ይፈልጋል» የሚለውን ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በዚህ ሳምንትም ፈላ። ከሞባይል ጠጋኞች ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ፤ ድምፁ አልሰማ አለኝ ብላችሁ የሰጣችሁትን ስልክ «ሶፍትዌር ተጭኖበታል» ብለው ፎቶውንም የሰው ቁጥሩንም አጥፍተው የሚመልሱትን ማለቴ ነው። ያ ጠብ አልበረደም። ዛሬ ግን ወደ ኮፒ ቤቶች ልሻገር።

ወቅቱ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠረዝበት ነው፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያሉት ኮፒ ቤቶች ከበራቸው ውጪ ድረስ ሰው ይሰለፍባቸዋል። የእህቴ ልጅ የማስተርስ ጽሑፏን በአማካሪዋ እርማት መሠረት አስተካክላ ልታሳትም ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ላፕቶፕ የላትም። በትምህርት ክፍሏ ኮምፒውተርና ጓደኞቿ በሚያውሷት ላፕቶፕ እየተፈራረቀች ነው የጻፈችው፤ የመጨረሻው እርማት ያለው ፍላሿ ላይ ብቻ ነው። ኮፒ ቤት የሚሠራው ልጅ ሰካው። የድራይቩ ምልክት መጣ፤ ሊከፍተው ሲል ግን «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርግ» የሚለው መልእክት ብቅ አለ። ልጁ ቀና ብሎ ሳያየን «ፎርማት ይፈልጋል፣ ላድርገው?» አለ። እጁ ማውሱ ላይ ነው። እሷም የኋላዋ ወረፋ አጣድፏት «እሺ» ልትል ነበር። «ተው! እንዳትነካው!» ብዬ ስጮህ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ ፎርማት ካልተደረገ እኮ አይከፍትም» አለኝ ልጁ። በትሕትና ነው ያለው፤ እንዲህ ብለው ስላስተማሩት ነው ያለው። እኔን ያናደደኝ ከዚያ በፊት ሊጠየቅ ይገባ የነበረው አንድ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው፤ ውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ?

ኮምፒውተር ፍላሽ አላነብ የሚለው በብዙ ምክንያት ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ይሆናል። ሲሰካ ድምፅም የለ፣ መብራትም የለ፣ ምንም የለ እንበል። ያኔ መጠርጠር ያለበት መሰኪያው ነው። መደበኛው የዩኤስቢ መሰኪያ ሲሠራ ቢያንስ 1,500 ጊዜ መሰካትና መነቀልን እንዲችል ሆኖ ነው። በቀን 50 ፍላሽ የሚያስተናግድ ኮፒ ቤት ይህን በ1 ወር ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ እየሠራ ያለው በዕድሉ ነው። ስለዚህ ከፊት ነቅሎ ከኋላ መሰካት ነው። የኋላዎቹ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የተበየዱ ናቸው፤ የፊቶቹ በገመድ ተቀጥለው የመጡ ናቸው። እዚያም ካልታየ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር። ሌላው ኮምፒውተር ካነበበው ፍላሹ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍቶ የፍላሹን መዝገብ አጥፍቶ እንደገና መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንዳንዴም ዊንዶውስ ፍላሹን እያየው የድራይቭ ፊደል ሳይሰጠው ይቀራል፤ ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ፊደል መስጠት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፎርማት የሚባል ነገር ቦታ የለውም።

ሾርትከት ቫይረስ ለብቻው መነሳት አለበት፤ በአገራችን ኮፒ ቤቶችና የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ውስጥ እንደ ጉንፋን ሲዞር የኖረ ነው። ፍላሹ ይከፈታል፤ ውስጡ ግን አንድ የሾርትከት ምልክት ብቻ ነው ያለው፣ ወይም ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ባለቤቱ ይደነግጣል፣ «ፋይሌ ጠፋ» ይላል፣ ባለሙያው «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ነው» ይላል። አልበላውም! ቫይረሱ ፋይሎቹን የተደበቀ ፋይልና የሲስተም ፋይል የሚል ምልክት ሰጥቶ ከዓይን ሰውሯቸዋል እንጂ ያሉበት ናቸው። ሾርትከቱን ሳይጫኑ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ፣ የሲስተም ፋይሎችንም አትደብቅ ማለት ነው፤ ሁሉም ተሰልፈው ይመጣሉ። ከዚያ በአንቲቫይረስ ማጽዳት። «ቫይረስ በላው» ተብሎ ስንት የሰው ሥራ በዚህች አገር በከንቱ እንደጠፋ ሳስብ ያንገበግበኛል።

የእህቴ ልጅ ፍላሽ ግን ከሁሉም የከፋው ነው የደረሰበት። እየተጻፈበት ሳለ ኃይል ተቋርጦበታል። ዩፒኤስ የሌለው ኮምፒውተር ላይ እየሠራችሁ መብራት ሲሄድ፣ ወይም መገልበጡ ሳያልቅ ፍላሹን ስትመዙት የሚደርሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ የወጣው ዊንዶውስ 10 ፍላሽን ኢጀክት ሳያደርጉ መንቀልን እንዲችል ሆኖ ቢሠራም እየጻፈ እያለ ለሚነቀለው ምንም አያደርግም። የሚበላሸው የፋይሎቹ ማውጫ ነው። ማውጫው የተቀደደ መጽሐፍ ገጾቹ አሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን ማውጫውን ሲያጣ መጽሐፉን ባዶ ነው ብሎ ያምንና አዲስ ማውጫ ልጻፍበት ብሎ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ኮምፒውተሩ የሚመቸውን የሚጠይቅበት ነው፤ የፋይሉን ባለቤት ጥቅም አያውቅም።

ፈጣኑ ፎርማት አዲስ ማውጫ ብቻ ስለሚጽፍ ከእሱ በኋላም ተስፋ አለ፤ ላዩ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ልቅሶ ነው። «ስካን ኤንድ ፊክስ» የሚለውም ቢሆን ፋይሉ ሳይወጣ አይነካ፤ እጠግናለሁ ብሎ የቀረውን የሚያዛባበት ጊዜ አለ።

እኛ ያደረግነው ፍላሹን ነቅለን መውጣት ነው። ወዳጄ ቤት ሄደን ፎቶሬክ በሚባለው ፕሮግራም ፈለግነው። ክሪስቶፍ ግርኒየር የሚባል ሰው ሠርቶ ለዓለም በነፃ የሰጠው ነው፤ ከዚያው ቤት የሚወጣው ቴስትዲስክ ደግሞ የተሰበረውን ማውጫ ራሱን ሊጠግን ይሞክራል። ፎቶሬክ ማውጫውን ትቶ ገጾቹን ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ፋይሎቹ ስማቸውን አጥተው በቁጥር ተጠርተው ነው የሚወጡት። ያገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ ነው ማስቀመጥ፣ ፍላሹ ላይ በፍጹም። ልጅቷ አንድ በአንድ እየከፈተች አነበበች። ምዕራፍ 4 የአማካሪዋ እርማት የገባበት ሆኖ ሲከፈትላት አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔ ረጠበ።

«ክላውድ ላይ አታስቀምጥም ነበር?» የሚሉኝ አሉ። ዳታ መግዣ ያላት፣ የራሷ ኮምፒውተር ያላት፣ ኔትወርክ የማይቆረጥባት ተማሪ ታስቀምጥ። ኮፒ ቤቶቹም «ወረፋ አለብን፣ ጊዜ የለንም» ይላሉ። ጊዜ ከሌለ መልሱ «እኛ አንችልም፣ ሳታስነኪ ሌላ ቦታ ውሰጂው» ነው። ይህን ለመናገር ምንም ጊዜ አይፈጅም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ከኮፒ ቤቶቹ የባሰ ነገር ትዝ አለኝ፤ የሠርግ ፍላሽ። ድሮ የሠርግ ፊልም በቪዲዮ ካሴት፣ ቀጥሎ በዲቪዲ ይሰጥ ነበር፤ አሁን በተቀረጸ የእንጨት ሳጥን ውስጥ በተቀመጠች ፍላሽ ነው። ሙሽሮቹ አንዴ አይተው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖሯታል፤ የልጅ ልጅ ያየዋል ብለው። አያየውም! ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቶሺባ ሳለ የፈለሰፈው ፍላሽ ሜሞሪ መረጃ የሚይዘው በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ቻርጁ ከዓመታት ጋር ቀስ እያለ ይሾልካል፤ ሙቀት ያፋጥነዋል። ፍላሽ የተሠራው ነገር ከቦታ ወደ ቦታ ለማመላለስ ነው እንጂ ለዘመናት ለማስቀመጥ አይደለም። መንገድ ዳር በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ደግሞ 1 ቴራባይት ነኝ እያለች ውስጧ የዚያን ጥቂቱን ብቻ የያዘች ሐሰተኛ ፍላሽ አለች፤ ሲሞላባት አዲሱን በአሮጌው ላይ ትጽፋለች ወይም ትጥለዋለች፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ፋይሉ የለም።

የማውቃት ሴት በሠርጓ ዕለት አባቷ ቆመው የመረቁበት ቪዲዮ እንዲህ ባለች ፍላሽ ላይ ነበር። አባቷ ካረፉ በኋላ ድምፃቸውን ልትሰማ ስትሰካት ምንም ኮምፒውተር አላያትም። ቪዲዮውን ወዳነሱት ሰዎች ሄደች፤ ዋናውን ቅጂ ቦታ ሞልቶብን አጥፍተነዋል አሏት። ውል ነበራት። ውሉ ላይ ስንት ካሜራ እንደሚመጣ፣ ፎቶው በምን መጠን እንደሚታጠብ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ ተጽፏል፤ ዋናው ቅጂ እስከ መቼ እንደሚቆይ አልተጻፈም። ቪዲዮ አንሺዎች ይህንን ቁጥር ውሉ ላይ ያስፍሩ፤ ከማጥፋታቸው በፊት ደውለው «ልናጠፋው ነው፣ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ኑ» ይበሉ። ሊያገቡ የተዘጋጃችሁም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ የማይጽፍላችሁ ከሆነ የሚጽፍ ፈልጉ።